የጓንጉል ቋሚ ጉዳት

የብሔራዊ የድርሰት ምዘና ባለሥልጣን ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመላው የትምህርት ወዳጅ በታላቅ ኃላፊነትና በጥልቅ ደስታ የሚከተለውን አበሰረ፦ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ መዛኝ ማሽኖች ውጤት ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ጠረጋው ለወደቀ ተማሪ ረዘም፣ ላለፈ ተማሪ አጠር ይላል። ድምፁ የተቀዳው ስማቸው እንዲገለጽ ካልፈለጉ አንድ የተከበሩ ጡረተኛ ዳኛ ነው። እዚህ ውሳኔ ላይ ለመድረስ በየከተማው የምክክር መድረክ ተካሂዷል፤ በየመድረኩም ምሳ ቀርቧል። ዜጎች ማስታወቂያውን ባሉበት ቆመው እንዲያዳምጡ ተጠይቀዋል።

ደሴ ውስጥ የጦሳ ግርጌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድርሰት መምህር የሆነው ያፌት ሰይድ ማስታወቂያውን ቆሞ ነው የሰማው። ለክብር አይደለም፤ የታክሲ ወረፋ ላይ ስለነበረ ነው።

«ጉሮሮ!» አለ ለራሱ። «ጉሮሮ ነበር የጎደለን።»

ከፊቱ የቆመች ሴት ዘወር አለች። «ምነው ጋሼ? ጥሩ አደረጉ እንጂ። ባለፈው ልጄን ድንገት ‘ወድቀሻል’ ሲላት ክው ብላ ነው የቀረችው። ትንሽ ቢያስነጥስ እንኳ ልቧ ይዘጋጅ ነበር።»

ያፌት ሰው በዚህ ነገር ላይ ሲያመሰግን መከራከር ከተወ ቆይቷል።

ነገሩ የተጀመረው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ያኔ ተማሪው ሁሉ ድርሰቱን ማሽን እያስጻፈ ያስረክብ ነበር። መምህራኑ ደግሞ ደከማቸውና እርማቱን ለማሽን ሰጡ። አንዱ ማሽን እየጻፈ ሌላው ሲያርም፣ ሰዎቹ ተጠርተው ወንበር እንዳጡ የሠርግ እንግዶች መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። በመጨረሻ ባለሥልጣኑ ቆረጠ። «ድርሰቱ ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተሰረዘና «ድርሰቱ የልጁ ነው ወይ?» በሚል ተተካ። ለዚህም እያንዳንዱ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ጆሮውም ኪሱም ተፈትሾ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ «የውሃ ጥቅም» በሚል ርዕስ አንድ ድርሰት ይጽፋል። ያ ድርሰት የድምፁ ልክ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን የሚጽፈው ሁሉ ከሱ ጋር እየተነጻጸረ ይመዘናል። የመሰለ ያልፋል። ያልመሰለ ባዕድ ነው።

ማጭበርበር ቆመ። ከሱ ጋር መሻሻልም ቆመ።

ዛሬ የከተማው ጠበቆች ክሳቸውን «ፍትሕ ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው» ብለው ይከፍታሉ። ጋዜጣው በርዕሰ አንቀጹ «ሰላም ከሌለ ሰላም አይኖርም» ይላል፤ አንባቢውም ራሱን ይነቀንቃል። ያፌት ራሱ ሚስቱን ሲያጫት «ፍቅር ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ለጋብቻ» ብሎ ነው የጻፈላት። እሷም «የፍቅርን ጠቃሚነት ተረድቻለሁ» ብላ መለሰችለት። ተጋቡ።

የድርሰት መምህር ሥራ ታዲያ ምንድን ነው ቢሉ፣ መገኘት ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ የሰው ልጅ መቀመጥ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ያ ሰው እንዳያስተምር ደግሞ ሌላ ሕግ ያዛል፤ ማስተማር «የድምፅ ልውጠት» ይባላልና። ያፌት ጠዋት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ልጆቹ ሲጽፉ መስኮት መስኮቱን ያያል፣ በሳምንቱ መጨረሻ «በክፍሉ ምንም ዓይነት ዕድገት አልታየም» ብሎ ይፈርማል። አምና «የረጋ ክፍል» ተብሎ ከዞኑ ተሸልሟል። ሽልማቱ የግድግዳ ሰዓት ነበር። አይሠራም።

ሰኞ ደረሰ። ሰኞ የውጤት ቀን ነው። መዛኝ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ በተሰቀለው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም እየጠራ፣ አጠር አጠር አድርጎ እየጠረገ፣ «አልፈሃል»፣ «አልፈሻል» ይላል። ልጆቹ በጉሮሮው እየሳቁ ነበር። ጓንጉል ላይ ሲደርስ መጥረግ ጀመረና አላቆም አለ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ውሃ እናምጣለት?» አለች።

በመጨረሻ መዛኝ፣ «ይህ ድርሰት የጓንጉል አይደለም» አለ። «ጓንጉል የት ነው?»

ጓንጉል እጁን አወጣ። ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም፣ ከኋላው ወንበር የማይጠፋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። (ያፌት ልጅ በነበረበት ዘመን ሰው ልጁን ማርኮን፣ ኢምራን፣ ሶልያና ይል ነበር። አሁን እነዚያ አርጅተዋል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ጓንጉል፣ ድንበሩ፣ ወርቅያንጥፉ ይባላሉ። ፋሽን ነው።)

«እዚህ ነኝ» አለ ጓንጉል።

«ጓንጉል እዚህ የለም» አለ መዛኝ።

«እዚህ ነኝ እኮ!»

«ባዕዱ ተማሪ ዝም ይበል። ጓንጉል ቀሪ ተብሎ ተመዝግቧል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያፌት ግን አልሳቀም። ባዕድ የተባለ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ኮምቦልቻ መመለሻ የሚባል ቤት አለ። እዚያ ልጁ የአራተኛ ክፍል ድርሰቱን ጠዋትና ማታ ይገለብጣል፣ ወደ ራሱ እስኪመለስ ድረስ። የያፌት ጎረቤት ልጅ እዚያ ሄዳ ተመልሳለች። ዛሬ «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ማደር ለሰው ልጅ ይጠቅማል» ትላለች። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ለነዚህ ልጆች በዚያው ያበቃል።

ምሳ ሰዓት ላይ ያፌት ጓንጉልን የምሳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘው። በሩ አልከፈትለት ብሏል። «ይቅርታ» ይላል በሩ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ጓንጉል ሲመጣ ምሳውን ይበላል።»

«ጓንጉል መጣኮ» አለ ልጁ።

«ሲመጣ እንነግረዋለን» አለ በሩ።

ያፌት የራሱን ዳቦ ቆርሶ ሰጠውና ባዶ ክፍል ውስጥ አስገባው። ከዚያ የማይጠበቅበትን ሥራ ሠራ። ድርሰቱን አነበበው። መምህራን የተማሪ ድርሰት ማንበብ ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ አልተከለከለም፣ ማንም ትዝ አላለው እንጂ። ድርሰቱ አጭር ነበር፦

«ውሃ ሐሙስ ትመጣለች። ረቡዕ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ወረፋ አስይዞ ይተኛል። ጠዋት ስወጣ ሰው የለም፤ ጀሪካኖቹ ብቻ እንደ ሰው ተራቸውን ይዘው ቆመዋል። ክዳን የሌለው የወታደሩ ነው። በፌስታል የተደፈነው የባለ ሱቁ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ክዳን ይሸጣል። ሐሙስ ሰፈራችን ውስጥ ማንም አይጣላም፤ የሁሉም ሁለት እጅ ተይዟል። የአባቴ ጀሪካን ሰማያዊ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላም እናቴ ወረፋ ታስይዘዋለች። ተራው ሲደርስ ግን አትሞላውም፤ አንስታ ለኋለኛው ሰው ትለቅለታለች። ባዶውን ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ መንገድ ላይ ታርፋለች።»

ያፌት አንብቦ ሲጨርስ ተናደደ። እንዲህ ያለ ንዴት መቼ እንደተናደደ አያስታውስም። ልጁን ዐይን ዐይኑን እያየ፣ «አንተ!» አለው። «ማነው እንዲህ ጻፍ ያለህ?»

ጓንጉል ዳቦውን ዋጠ። «እርስዎ።»

«እኔ?!»

«አዎ ቲቸር። ባለፈው፣ ጉሙ ክፍል ውስጥ የገባ ቀን።»

ያፌት ትዝ አለው። ሁሉም በአንድ ድምፅ የውሃን ጠቃሚነት ሲጽፉ፣ ጉሙ በመስኮት ገብቶ የፊተኛውን ወንበር ሲሸፍን፣ ድንገት አንገሽግሾት «እባካችሁ ለአንድ ቀን እንኳ ጥቅሙን ተዉትና ያያችሁትን ጻፉ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ትምህርት መስጠቱ አልነበረም። ሰው «ኧረ ጸጥ በሉ!» እንደሚለው ነው ያለው። ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል፤ ምክር ነው ብሎ የወሰደው ይሄ አንድ አንገተ ረጅም ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሰው የሚለውን ሁሉ ታደርጋለህ?»

«ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነው።»

«ለማንም እንዳትናገር። ሰማህ? ለማንም!»

ይህን ያለው ለልጁ አዝኖ ቢሆን መልካም ነበር። ግን ለራሱ ፈርቶ ነው። መመሪያው ግልጽ ነው፤ የልጁን ድምፅ የለወጠው ሰው ካልታወቀ ጥፋቱ የልጁ ነው። ከታወቀ ግን ልጁ ተጎጂ ይባልና ነፃ ይወጣል፤ ለዋጩ መምህር ጡረታውን አጥቶ ይሰናበታል። የያፌት ጡረታ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቦሩ ሜዳ በኩል ሊሠራት ያሰባትን ትንሽ ቤት በሐሳቡ ቀለም ቀብቶ ጨርሷል።

በማግስቱ የጓንጉል እናት እትዬ ቢታንያ ሽማግሌዎቿን አስከትላ መጣች።

ትምህርት ቤቱ የሽምግልና ክፍል አለው። ባለሥልጣኑ አስቦበት የሠራው አይደለም። መዛኝ መጀመሪያ ሲመጣ ወላጆች ልጃቸው በወደቀ ቁጥር ሽማግሌ ሰብስበው ሳጥኑ ፊት መቆም ጀመሩ። ጥበቃው «ይሄ ዕቃ ነው፣ ሽምግልና አያውቅም» ቢላቸው «ዕቃ ከሆነ ልጃችንን ምን አግብቶት ጣለው?» አሉት። መልስ ጠፋ። መልስ ሲጠፋ መመሪያ ወጣ። አሁን በየትምህርት ቤቱ ለሽማግሌዎች ወንበር፣ ለበዳይ የሚሸከመው ድንጋይ፣ ለመዛኝም ደህና ደህና የሽምግልና አነጋገር ተሰጥቷል።

የመጡት ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው አያ ኢምራን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሽ ማርኮን፣ እና ሲጨርሱ ለመመረቅ የመጡት ቄስ አቤኔዘር። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሶልያና ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ያፌት አጠገቧ። ጓንጉል ከበሩ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ገባ።

«ቁጭ በሉ አባቶቼ» አለ መዛኝ።

«መቀመጡ ይቆየን» አሉ አያ ኢምራን። «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

«ቁጭ በሉ፤ እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን ማለት እሺ ማለት ነው?»

«እንነጋገራለን ማለት እንነጋገራለን ማለት ነው።»

«ይሄ ሰውዬ የማን አገር ሰው ነው?» አሉ አያ ኢምራን ወደ ማርኮን ዘንበል ብለው።

«አያ ኢምራን፣ በፈጠረህ እንቀመጥ» አሉ ጋሽ ማርኮን። «ይሄ ሳጥን ጉልበት የለው፣ እኛን አቁሞ ሊያሳድረን ነው።»

ተቀመጡ። ድንጋዩ ይነሣለት ዘንድ ለመኑ። መዛኝ ጓንጉልን አየና፣ «የተሸከመው ድንጋይ ለቀላል ጥፋት የተመደበው ነው። የድምፅ ልውጠት ከባድ ጥፋት ነው» አለ።

«ትልቁን ጠዋት ሌላ ቤተሰብ ወስዶብን ነው ጌታው» አሉ ጋሽ ማርኮን። «እስኪመልሱት ብንጠብቅ የልጁ አንገት በዚሁ ይቆይ?»

ድንጋዩ ተነሣ። ከዚያ ወግ ባለው መንገድ ሄዱ። አያ ኢምራን የልጁን አባት አልባነት፣ የእናቱን ጨዋነት፣ የመዛኝን ታላቅነት ተናገሩ። መዛኝ የልጁን ባዕድነት ተናገረ። አያ ኢምራን በመጨረሻ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ «ጌታው፣ እኛ ስንሸመግል አንዱን ጥለን ሌላውን አናነሣም» አሉ። «እርስዎም ከሥልጣንዎ ትንሽ ይልቀቁ፤ ልጁም ከብልሃቱ ትንሽ ይልቀቅ። ጽሑፉን ወስዶ እስከ ግማሽ ያበላሸው። እርስዎም በግማሹ ይለፉት።»

«ልጁ ወደ ራሱ ከቀረበ ይታያል» አለ መዛኝ።

«ያበላሻል፤ ዋስ ነኝ!»

ቄስ አቤኔዘር ተነሥተው መረቁ። ለመዛኝም ዕድሜና ጤና ለመኑለት። «አሜን» አለ መዛኝ።

የማበላሸቱ ሥራ ለያፌት ተሰጠ። ማስተማር ቢከለከልም ማበላሸት አልተከለከለም። ከሰዓት በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ጓንጉልን ፊት ለፊቱ አስቀመጠ።

«በል። የመጀመሪያው። ‘ውሃ ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው’ በል።»

ጓንጉል ጻፈ፤ አስረከበው። «ውሃ ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው፤ በተለይ ረቡዕ።»

«‘በተለይ ረቡዕ’ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ የለችማ።»

«አውጣው! የሚቀጥለው፤ ‘ውሃ ለመጠጥ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለምግብ ማብሰያ ይጠቅማል።’ ቃል እንዳትጨምር።»

ጓንጉል ምላሱን አውጥቶ እየተጠነቀቀ ጻፈ። «ውሃ ለመጠጥ፣ ለልብስ ማጠቢያና ከጎረቤት ጋር ለመኳረፍ ይጠቅማል።»

ያፌት ራሱን ያዘ። «ጓንጉል፣ በእናትህ! አንድ የሞተ ዓረፍተ ነገር ስጠኝ!»

«አልሞት አሉኝ ቲቸር።»

«አራተኛ ክፍል እያለህ እንዴት ነበር የምትገድላቸው?»

«አልገደልኳቸውም። ሞተው ነው የመጡልኝ።»

«ምንድን ነው የሚያስቸግርህ? ዝም ብለህ አታስብ!»

«ልጽፍ ስል ወረፋው ይታየኛል። ዐይኔን ብጨፍን ይባስ ይታየኛል።»

ያፌት እርሳሱን ነጠቀው። «ተመልከት፣ እንዲህ ነው!» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ውሃ ለሰው ልጅ፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት እጅግ ጠቃሚ ነው። ውሃ ከሌለ ሕይወት የለም። ስለሆነም ውሃን መንከባከብ ይገባናል። እጁ አላቆመም። ገጹ ሞላ፤ ገልብጦ ቀጠለ። አንድም ቦታ አልሰረዘም፣ አንድም ቦታ አላሰበም። ጓንጉል አፉን ከፍቶ ያየው ነበር፣ ዶሮ ጭንቅላቷ ተቆርጦ ስትሮጥ እንደሚያይ ሰው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ጎበዝ ነዎት» አለ በመጨረሻ። ከልቡ ነበር።

ያፌት እርሳሱን አስቀመጠ። ወረቀቱን አየው፣ ልጁን አየው። ከሰፈሩ የውሃ ወረፋ ላይ ያየውን አንድ ነገር ለማስታወስ ሞከረ። እሱም ሐሙስ ሐሙስ ይሰለፋል። የሚሰለፈው ዕድሜውን ሙሉ ነው። የራሱ ጀሪካን ቀለም ጠፋበት።

«ውሰድና ገልብጠው» አለ ተቆጥቶ። «ከኔ ገልብጥ።»

ጓንጉል የያፌትን ዓረፍተ ነገሮች በራሱ ድርሰት ውስጥ እየተካ ገለበጠ። የወታደሩንና የባለ ሱቁን አወጣቸው፤ «በተለይ ረቡዕ» ወጣ፤ ኩርፊያውም ወጣ። የአባቱ ጀሪካን ላይ ሲደርስ እርሳሱን ይዞ ቆየ፣ ከዚያ እንዳለ አሳለፈው። ያፌት አየ። ደክሞት ስለነበር ተወው።

በቀጠሮው ቀን ሁሉም ያው ቦታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እትዬ ቢታንያም መጣች፤ ባለፈው በር ላይ ነበር የቆመችው፣ ዛሬ ውሳኔ ስለሆነ ገብታ ተቀመጠች። በሥርዓቱ መሠረት ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ጓንጉል የውሃን ጠቃሚነት አነበበ። ለእንስሳት፣ ለዕፅዋት። አያ ኢምራን በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ማርኮን «ማለፊያ ሞቷል» ብለው አንሾካሾኩ።

ከዚያ ሰማያዊው ጀሪካን መጣ።

እትዬ ቢታንያ ነገሩን የምትሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ልጁ «መንገድ ላይ ታርፋለች» ብሎ ሲጨርስ ወደ እሱ ዞረች።

መዛኝ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ረዘም አደረገው። «ተማሪው ወደ ጓንጉል ቀርቧል። አልደረሰም። የሰማያዊው ጀሪካን ክፍል ከወጣ ይደርሳል፤ ያልፋል።»

«ይኸው!» አሉ አያ ኢምራን እጃቸውን አጨብጭበው። «አንዲት ጀሪካን! በአንዲት ጀሪካን አንጣላም። ልጄ፣ አውጣትና እንመራረቅ።»

«አየኸኝ እንዴ?» አለች እትዬ ቢታንያ። የምታናግረው ልጇን ነበር። «ስቀመጥ አይተኸኛል?»

«አዎ እማ።»

«የት ሆነህ?»

«ከኋላሽ። ሙሉውን ይዤ የምመጣው እኔ አይደለሁ?»

ወደ ሳጥኑ ዞረች። «አይወጣም።»

«ቢታንያ ልጄ» አሉ አያ ኢምራን፤ «የሽማግሌ ቃል መሬት እንዳይወድቅ።»

«አያ፣ ይህን ነገር ጎረቤት አያውቀውም። እናቴ አታውቀውም። እኔ ራሴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ይህን የጻፈው ጓንጉል ካልሆነ፣ ቤቴ የሚያድረው ማነው?»

ጋሽ ማርኮን ጉልበታቸውን ማሸት አቆሙ። «እውነቷን ነው» አሉ።

«የእናት ቃል በስሜት የተበከለ ስለሆነ አይመዘንም» አለ መዛኝ። «ስምምነቱ ፈርሷል። ለዋጩ አልታወቀም፤ ጥፋቱ የተማሪው ነው። ነገ ወደ ኮምቦልቻ ይላካል።»

ጓንጉል ያፌትን አላየውም። ያፌት የተናደደው በዚህ ነው። አንዴ ቢያየው፣ አንዴ በዐይኑ ቢለምነው፣ «እኔ ምን ላድርግልህ?» ብሎ ሊቆጣው ተዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ግን ‘ለማንም እንዳትናገር’ የተባለውን ሙሉ በሙሉ አምኖ፣ ወለሉን እያየ፣ ሰው የሚለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ልጅ ቆሟል።

«እኔ ነኝ» አለ ያፌት።

ወይዘሮ ሶልያና እጅጌውን ጎተተችው። «ያፌት! ምን ነካህ? ተቀመጥ!»

«እኔ ነኝ የለወጥኩት። አስተምሬዋለሁ።»

«ጡረታህ...»

«አውቃለሁ ሶልያና።»

መዛኝ እንደ ጡረተኛው ዳኛ ጠረገ፣ ጠረገ፣ ጠረገ። «ተመዝግቧል። ለዋጩ መምህር ያፌት ሰይድ ናቸው። ተማሪ ጓንጉል ተጎጂ ነው። አዲሱ አጻጻፉ ቋሚ ጉዳት ተብሎ ጸድቋል። ከዛሬ ጀምሮ በጉዳቱ ልክ ይመዘናል። አልፏል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት ይሁን «እግዜር ይማርህ» ማለት ይሁን ጠፋቸው። ቄስ አቤኔዘር ሁለቱንም አሉ። እትዬ ቢታንያ ልጇን አንገቱን ይዛ ስባ ደረቷ ላይ ደገፈችው፤ በቁመት ስለሚበልጣት እጥፍ አለ።

ጓንጉል ከእናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ቀና ብሎ፣ «ቲቸር፣ ያምማል እንዴ?» አለ።

«ምኑ?»

«ጉዳቱ።»

«አላውቅም። እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«መምህር ያፌት» አለ መዛኝ፤ «ስንብትዎ ከመፈረሙ በፊት የቀረ ነገር አለ። ባስተማሩበት ዘዴ ላይ ማብራሪያ ይስጡ። የተጎጂ ቃል ተቀባይነት የለውምና ከእርስዎ በቀር የሚያስረዳ የለም።»

«ዘዴ?»

«ዘዴው ከታወቀ በመላ ሀገሪቱ መከላከያ ይዘጋጅለታል። ባለሥልጣኑም ትብብርዎን አይቶ የጡረታዎን ጉዳይ እንደገና ሊመለከት ይችላል።»

አያ ኢምራን ፊታቸው በራ። «ይኸው! እንደገና ይመለከታል! በል መምህር፣ ንገረውና እንገላገል። ስንት ዓመት የተማርከው ነገር ነው? መጽሐፍ ነው? ከውጭ ያመጣኸው ነው?»

«ያፌት፣ በሞቴ ተናገር» አለች ሶልያና። «ምን አድርገህ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገርም ቢሆን በቃ።»

ያፌት ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። አንዱን እጅጌ አስገባ፣ ሌላውን ፈልጎ አጣና እንደዚያው ተወው።

«ዘዴው ካልታወቀ» አለ መዛኝ፤ «ማንኛውም መምህር፣ በማንኛውም ክፍል፣ ሊደግመው ይችላል።»

«ይችላል» አለ ያፌት።

«ስለዚህ ያብራሩ።»

«አላብራራም።»

«ምክንያት?»

«እሱንም አላብራራም።»